ደመወዙ ከማን ኪስ ይወጣል? በአስፋልት ዳር ክሊኒክና በፋብሪካ ግቢ ስለሚሠራው የጤና ባለሙያ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ተምጫን ተሻግሮ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን በአንድ መስመር ያገናኛል። ይህን መንገድ ለዓመታት የተመላለሰበት ሰው ያስተዋለው ለውጥ አለ። መድኃኒት ቤት ብርቅ በነበረባቸው ከተሞች ዛሬ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ድረስ የክሊኒክ ታፔላ ተሰቅሏል። ገበሬው በገበያ ቀን በርበሬውን ወይም በቆሎውን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ሸማምቶ፣ ወደ ቀበሌው ከመመለሱ በፊት «እግረ መንገዴን ልታይ» ብሎ ጎራ ይላል። ቡሬ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት የሥራ ቦታ ተከፍቷል። የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ማሳ እንጂ ፈረቃ በማያውቅ አካባቢ በደወል የሚገባና የሚወጣ ሠራተኛ መጣ። ብዙ ሠራተኛ በሚሰበሰብበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ የመጀመሪያ ሕክምና የሚሰጥበት አንድ ክፍል፣ በዚያም ክፍል ነጭ ጋዎን የለበሰ አንድ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ማየታችን አይቀርም።

አስፋልት ዳር ያለው ክሊኒክና የፋብሪካው ክፍል ለየብቻ ሲታዩ የሚገናኙ አይመስሉም። አንዱ ለማንም ክፍት ነው፣ ሌላው በጥበቃ የታጠረ ነው። በአንዱ ሕመምተኛው ራሱ ይከፍላል፣ በሌላው ድርጅቱ ይከፍላል። እኔ ግን ለጤና ባለሙያው ሁለቱም ተመሳሳይ ፈተና ያቀርቡለታል ባይ ነኝ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የተቀጠረ ነርስ ደመወዙ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ሕመምተኛው መርፌ ስለተወጋ አይጨምርም፣ ሦስት ቀን ዕረፍት ስለጻፈለትም አይቀንስም። በግል ክሊኒክና በፋብሪካ ግቢ ግን የሚከፍለው ወገን ከምርመራው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሟል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ባለሙያው በየሰዓቱ ይሰማዋል። ይህ ስሜት ካርዱ ላይ ለሚጻፈው ቃል እንዴት እንደሚተርፍ በጥሞና ካላየን ስለ ጤና ሽፋን የምናወራው ሁሉ ግማሽ ይሆናል።

ባለሙያው ከመንግሥት ቤት ለምን ይወጣል? የጤና መኮንን ሙያ የተወለደው በዚሁ በአማራ ክልል ነው። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ዓላማው ሐኪም በማይደርስበት ወረዳ ጤና ጣቢያ የሚመራ፣ ወረርሽኝ የሚከላከል፣ ውኃና መጸዳጃ የሚመረምር ባለሙያ ማፍራት ነበር። በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የጨረሰው ወባ ገና ትኩስ ትዝታ ነበርና። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አብረው ሠልጥነው አብረው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ሙያው ከጅምሩ የመንግሥት አገልግሎት ሙያ ነው። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ወጣት ግን ከክልሉ ጤና ቢሮ የቅጥር ማስታወቂያ እየጠበቀ ዓመት ሊቆጥር ይችላል። ተቀጥሮ የሚሠራውም ቢሆን የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ከደመወዙ ቀድሞ ሸሽቶበታል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር በመላ አገሪቱ ያሉ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማጥቅም ጥያቄ ይዘው ሥራ እስከማቆም የደረሱት ለዚህ ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለው ጦርነት ተጨምሮበታል። መንገድ ይዘጋል፣ መድኃኒት የጫነ መኪና ይቀራል፣ ባለሙያው ወደተመደበበት ገጠር መሄድ ያስፈራዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከተማ ውስጥ ከጓደኛ ጋር ክሊኒክ መክፈት ወይም በአንዱ ፋብሪካ መቀጠር ለብዙዎቹ ቤተሰብ ይዞ የመቆየት ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ገንዘብ ወዳዶች» ብሎ መውቀስ ከእውነቱ ይርቃል።

በመጀመሪያ አስፋልት ዳር ያለውን ክሊኒክ እንይ። አንድ ሰው ገጠር ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይዞት ሰንብቷል። ገበያ ወጥቶ ክሊኒክ ሲገባ ገና ሳይቀመጥ «ዶክተር፣ ደሜን እይልኝ፣ ግሉኮስም ስቀልልኝ» ይላል። ፊቱ ያለው ነርስ ቢሆንም በአገራችን ጋዎን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ደሙ ይወሰዳል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውጤት ይመጣል፦ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ»። ይህች ዓረፍተ ነገር ከአዲስ አበባ እስከ ወምበርማ በየክሊኒኩ ስለምትነገር ሰው ራሱ ገና ሳይመረመር «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» ብሎ ይመጣል።

ምርመራዎቹ ዊዳልና ዌል ፌሊክስ ይባላሉ። የመጀመሪያው በ1896፣ ሁለተኛው በ1916 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። የሚለኩት ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ለጀርሙ ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ሰው ከዓመታት በፊት ካገኘው ልክፍት ወይም ከሌላ ተቀራራቢ ጀርም የተረፈ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል «ፖዘቲቭ» ቢልም አሁን ያለው ትኩሳት ከታይፎይድ ነው ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ትኩሳት ይዟቸው የመጡ 270 ሕሙማንን በዊዳልም ጀርሙን ራሱን ከደም አሳድጎ በሚያሳየው ካልቸርም መርምሮ ነበር። በዊዳል ከሦስቱ አንዱ ያህል ፖዘቲቭ ወጣ። በካልቸር ጀርም የተገኘባቸው ግን አሥራ አንድ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ይህን እውነት ሙያተኛው ትምህርት ቤት ተምሮታል። የሚያስቸግረው ዕውቀቱ አይደለም። «አባባ፣ ይህ ጉንፋን መሰል ነገር ነው፣ ፓራሲታሞል ወስደው ይረፉ፣ በሁለት ቀን ካልተሻለዎት ተመልሰው ይምጡ» ቢል ሽማግሌው የካርድ ብቻ ከፍለው ይወጣሉ። ከዚያም «እዚያኛው ክሊኒክ እንኳ ደም ያያሉ፣ መርፌም ይወጋሉ» ብለው ወደ ጎረቤቱ ይሻገራሉ። እሳቸውም አይፈረድባቸውም። ከሩቅ መጥተዋል፤ በሁለት ቀን ተመለሱ ማለት ሌላ የእግር መንገድ፣ ሌላ የሥራ ቀን፣ ምናልባትም ሌላ የተዘጋ መንገድ ነው። ከፍለው ባዶ እጅ መመለስ ደግሞ ያልታከሙ ያህል ይሰማቸዋል። ነርሱ ሴፍትሪያክሶን ወግቶ፣ ሲፕሮ ጽፎ፣ ግሉኮስ ሰቅሎ ሲሸኛቸው ሁሉም ወገን ለጊዜው ይረካል። በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ የክሊኒኩ ኪራይና የላብራቶሪ ባለሙያው ደመወዝ የሚወጣው ከዚህ ነው።

ዋጋው ግን ይከፈላል። ሴፍትሪያክሶን ሆስፒታል ለከባድ ኢንፌክሽን የሚያስቀምጠው መርፌ ነው። በየገበያው ለራስ ምታት ሲወጋ ጀርሞች ይለምዱታል፤ ማጅራት ገትር የያዘው ሕፃን ወይም በወሊድ የተመረዘች እናት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስትደርስ መሥራት ያለበት መድኃኒት ላይሠራ ይችላል። ሌላው ዋጋ የተሳተው በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባሉት ወራት ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ተይዟል፣ ከሺህ በላይ ሰው ሞቷል። ምዕራብ ጎጃም ክፉኛ ከተመቱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ሲባል ወባው ቀን ይገዛል።

እዚህ ላይ የጤና መድኑን ማንሣት የግድ ነው። ኢትዮጵያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ስትሞክር ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ የደምበጫ የዞን ጎረቤት ደቡብ አቸፈር ነበር። አባወራው ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ከዚያ ቤተሰቡ በጤና ጣቢያና በመንግሥት ሆስፒታል ያለ ክፍያ ይታከማል። ሐሳቡ ግሩም ነው። እጅ ባጠረ ጊዜ በሽታ ሲመጣ በሬ መሸጥን ያስቀራል። ችግሩ የመድን ደብተሩ የሚሠራው በመንግሥት ተቋም ብቻ መሆኑ ነው። ገበሬው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲመረመር «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተብሎ ወረቀት ይሰጠዋል። የመድን ደብተር ይዞ ግን ከኪሱ ይገዛል። በሁለተኛው ጊዜ ቀጥታ ወደ ግል ክሊኒኩ ይሄዳል፣ ምክንያቱም መጨረሻው እዚያ መሆኑን አውቋል። ስለዚህ አስፋልት ዳር ያለው ክሊኒክ የበዛው ጤና ጣቢያው ባዶ መደርደሪያ ስላለው ጭምር ነው። ይህን ሳያስተካክሉ የክሊኒክ በር ማሸግ ብቻ ሰውየውን ያለ ሐኪም ከማስቀረት አያልፍም።

ወደ ፋብሪካው ግቢ እንሻገር። እዚህ ማንም መርፌ ለመሸጥ አይቸኩልም። ግፊቱ በተቃራኒው ነው፤ ሠራተኛዋ ወደ ማሽኗ ቶሎ እንድትመለስ ነው የሚፈለገው። ከክፍሉ የሚወጣው ዋናው ነገርም መድኃኒት ሳይሆን የሕመም ፈቃድ ወረቀት ነው፤ ሠራተኛውም አስተዳደሩም «ሲክ ሊቭ» ይሉታል። ጤና መኮንኑ ሁለት ቀን ብሎ ከጻፈ የፈረቃ ኃላፊው ስልክ ይደውላል፦ «ወንድሜ፣ ለምን ሁለት ቀን? ዛሬ አራት ሰው ቀርቶብኛል እኮ።» ይህ ስልክ ሲደጋገም ባለሙያው ሳያውቀው እጁ ወደ «ሥራ ትቀጥል» ያዘነብላል። የቅጥር ውሉን የሚያድስለት የዚያው ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ነው።

የካርዱ ቃል በሕግ ፊት ያለው ክብደት ብዙ ሰው ከሚገምተው ይበልጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለተራ ሕመም እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ያውም የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው፤ የሙከራ ጊዜው ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። በሥራ ምክንያት ለመጣ ጉዳትና ለሙያ በሽታ ግን ሌላ ሥርዓት ነው። የሕክምናውን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል፣ ክፍያውም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ነው። እንግዲህ የዘይት ፍሬ በሚበጠርበት ክፍል የምትሠራ አንዲት ልጅ ደረቷ ታፍኖ ስትመጣ ባለሙያው «የላይኛው መተንፈሻ ኢንፌክሽን» ብሎ ከጻፈ ሕመሙ የእሷ ነው። «ከብናኝ ጋር የተያያዘ» ብሎ ከጻፈ የድርጅቱ ነው። በሁለቱ ሐረጎች መካከል የወራት እንጀራ አለ። ጽሑፉን የሚጽፈው ግን ደመወዙ ከድርጅቱ የሚወጣ ሰው ነው።

አዋጁ ይህን ፈጽሞ አልረሳውም። አሠሪው የሥራ ላይ አደጋዎችንና የሙያ በሽታዎችን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያሳውቅ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትንም እንደ ሁኔታው በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። አደጋ በዓይን ስለሚታይ ይመዘገባል፤ ማሽን ጣት ቢቆርጥ ማንም ሊክደው አይችልም። በሽታ ግን ቀስ ብሎ ስለሚመጣ የሚመዘግበው ሰው ካልፈለገው አይታይም።

የጥጥ ፋብሪካን ምሳሌ ልጥቀስ። ከጥጥ ብናኝ የሚመጣው የሳንባ በሽታ ልዩ ጠባይ አለው። ሠራተኛው እሑድ አርፎ ሰኞ ሲገባ ደረቱ ይጨመቃል፣ በሳምንቱ መሐል ይሻለዋል፣ በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ይመለሳል። በ1991 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ጥጡ በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት 43 በመቶ ገደማ፣ በማበጠሪያው ደግሞ 37 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። እንግዲህ በግቢው ክሊኒክ የተቀመጠ ነርስ ካርዱ ላይ ቀንና የሥራ ክፍል ብቻ ቢጽፍ፣ በወሩ መጨረሻ ሰኞ ሰኞ በሳል የመጡት ሁሉ ከአንድ ክፍል መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው ያየዋል። ፋርማሲ ውስጥ ያለ የትኛውም መድኃኒት የዚህን መዝገብ ያህል አይፈውስም፤ ምክንያቱም መዝገቡ አቧራ መሳቢያ እንዲገጠም ሊያስገድድ ይችላል። ሆኖም ያው መዝገብ ለቀጣሪው የማይመች ማስረጃ ነው።

ወንጂም አለች። በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የስኳር ፋብሪካ የራሱ ሕክምና ነበረው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ከተማ ያላገኘውን አገልግሎት ለሠራተኛው ሰጥቷል፣ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ሠራተኞቹ ይጠጡ የነበረው የጉድጓድ ውኃ የስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። ለረጅም ዓመታት የሠሩት ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን አጥንታቸው ተጎዳ፣ የአንዳንዶቹም አከርካሪ ድርቅ ብሎ ጎበጡ። ወንጂ በፍሎራይድ በሽታ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ስሟ የሚነሣው በዚህ ነው። ሐኪም ቤት ያለው ግቢ በራሱ ጤነኛ ግቢ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የባለሙያውን ነፃነት ጉዳይ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው 161ኛ ስምምነት በግልጽ አስቀምጦታል። በሥራ ቦታ ጤና አገልግሎት የሚሰጡ ባለሙያዎች ከአሠሪውም ከሠራተኛውም ሙሉ የሙያ ነፃነት ሊኖራቸው ይገባል፤ አሠሪውም ሠራተኛ የቀረበትን ምክንያት እንዲያጣሩለት ሊያስገድዳቸው አይገባም። የመጨረሻው ነጥብ በእኛ አገር ያለውን ልማድ በቀጥታ ይነካል። ብዙ ድርጅት ክሊኒኩን የሚያየው «እውነት ታማ ነው ወይስ ሰበብ ነው?» የሚለውን እንደሚያጣራ ዘበኛ አድርጎ ነው። ሠራተኛዋ ይህን ካወቀች ነርሱን አታምነውም። ካላመነችው እርግዝናዋን፣ ሳንባ ነቀርሳዋን፣ በሥራ ኃላፊዋ የደረሰባትን ትንኮሳ አትነግረውም። ምርመራ ደግሞ ከእምነት ይጀምራል።

ከውጭው ዓለም የሚወሰድ ነገር ቢኖር አሜሪካ ውስጥ በሱቅና በፋርማሲ ውስጥ የሚሠሩት ክሊኒኮች ታሪክ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ውስጥ በምግብ ሸቀጥ መደብር ጥግ የተጀመረው አገልግሎት ኋላ ሚኒት ክሊኒክ ተባለ፤ ሲ.ቪ.ኤስ. የተባለው የፋርማሲ ኩባንያ በ2006 ገዛው። በከፍተኛ ደረጃ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው የሚሠሩበት። ዋልማርት ግን በ2019 የጀመረውን የጤና ማዕከል በ2024 ሁሉንም 51 ቅርንጫፎች እዘጋለሁ አለ፣ ወጪው አላዋጣም ብሎ። ትልቁ የችርቻሮ ኩባንያ ያልቻለውን ደምበጫ ላይ ሁለት ነርሶች በኪራይ ቤት ተሸክመውታል ማለት ነው። የእነዚያን ክሊኒኮች አጀማመር ግን ወድጄዋለሁ። የሚያክሙትን ጥቂት ቀላል ሕመም ከነዋጋው ሰሌዳ ላይ ለጥፈው፣ ከዚያ ውጭ ያለውን ወደ ሐኪም ይልኩ ነበር። ሕመምተኛው ምን እንደሚያገኝና ምን እንደማያገኝ ሳይገባ ያውቃል፣ ነርሷም በጽሑፍ የተቀመጠ መመሪያ ከጎኗ ስላለ እምቢ ስትል ብቻዋን አይደለችም። ደምበጫ ያለው ነርስ ያጣው ይህን ድጋፍ ነው። ሴፍትሪያክሶን አልወጋም ሲል ከራሱ አንደበት የወጣ ክልከላ ይመስልበታል። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የፈረመበት ሰሌዳ በግድግዳው ላይ ቢኖር ግን «ይኸው፣ ሕጉ ነው አባባ» ብሎ ያሳያቸዋል፤ ጎረቤቱ ያለው ክሊኒክም ያንኑ ሰሌዳ ስለሰቀለ ወዲያ መሻገር አያዋጣም።

አስፋልት ዳሩንና የሥራ ቦታውን አንድ የሚያደርጋቸው ሌላ ሕመምተኛ አለ፣ እሱን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በየዓመቱ ከጎጃም ደጋ ብዙ ወጣት ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳል። እዚያ የሥራ ቦታ ክሊኒክ ቀርቶ ጥላ የለም። በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ካላዛር ታስይዛለች። በሽታው ከወራት በኋላ ነው የሚገለጠው፤ ያኔ ወጣቱ ደሞዙን ይዞ ወደ አገሩ ተመልሷል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያልፋል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። ደምበጫ ወይም ቡሬ ክሊኒክ ሲመጣ ዊዳል ይሠራለታል፣ ፖዘቲቭ ይወጣል፣ መርፌ ይጀመርለታል። ገንዘቡ እስኪያልቅ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ይዞራል። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ ሕክምናው ግን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፣ በጣት ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራም አለ።

ይህን ልጅ የሚያድነው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ባለፈው ዓመት የት ሠርተህ ነበር?» ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ ሐኪም ለሕመምተኛው ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ላይ ሥራህ ምንድን ነው የሚለውን እንዲጨምር መክሯል። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፣ ማሽን አይፈልግም። የሚፈልገው ደቂቃ ነው፤ በገበያ ቀን ወረፋ ያለበት ክሊኒክ ደግሞ የሚቸግረው ደቂቃ ነው። በርበሬ ስታስፈጭ የምትውለው እናት ሳል፣ የእህል መጋዘን በነቀዝ መድኃኒት ሲያጥን የዋለው ጎልማሳ ማቅለሽለሽ፣ ማሳ ላይ ፀረ አረም ያለ ጓንት ሲረጭ የሰነበተው ልጅ መንቀጥቀጥ፣ ሁሉም ያለዚህ ጥያቄ ታይፎይድ ሆነው ይመዘገባሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ክፍያውን ከምርመራው ጠረጴዛ ማራቅ የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ። የጤና መድኑ በገጠር ከተሞች ካሉ የተመረጡ የግል ክሊኒኮች ጋር ውል ገብቶ ለአንድ ጉብኝት ቁርጥ ያለ ክፍያ ቢከፍል፣ መርፌ የተወጋውም ያልተወጋውም እኩል ስለሚያስገባ ባለሙያው ለማሳመን ጊዜ ያገኛል። በእርግጥ መድኑ ለመንግሥት ሆስፒታሎች እንኳ በጊዜ ካልከፈለ የግሉ ባለቤት አይቀበለውም፣ ይህ ሥጋት የሚናቅ አይደለም። ለደሞዝተኛው ሠራተኛ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ሠራተኛውም አሠሪውም ከደመወዝ ሦስት ሦስት በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር፤ ትግበራው ከዓመት ዓመት ሲራዘም ቆይቷል። እሱ ቢጀመር የፋብሪካ ሠራተኛ ከግቢው ውጭ የራሱ ሐኪም ይኖረዋል፣ የግቢው ነርስም የሕመም ፈቃድ ፈራጅ መሆኑ ይቀርለታል።

ቡሬ ላይ ግን መድኑ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በፓርኩ ውስጥ ያሉ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው አንድ ነርስ ከሚቀጥሩ ገንዘቡን በአንድ ቋት አዋጥተው፣ ባለሙያዎቹን የሚቀጥረውና የሚቆጣጠረው የአካባቢው ሆስፒታል ቢሆን፣ ስልክ የሚደውለው የፈረቃ ኃላፊ የባለሙያው አለቃ አይሆንም። አሠሪዎችም ይጠቀማሉ። ታማ ማሽን ላይ የቆመች ሠራተኛ ምርት አታበዛም፣ ጣቷን ካጣች ደግሞ ካሣው ከሁለት ቀን ፈቃድ እጅግ ይበልጣል። ይህን የሚገነዘቡ ባለ ፋብሪካዎች አሉ ብዬ አምናለሁ፤ የሠራተኛ ማኅበራትም በኅብረት ስምምነት ድርድራቸው ላይ ደመወዝንና ትራንስፖርትን እንደሚያነሡ ሁሉ የክሊኒኩ ባለሙያ ለማን ተጠሪ ይሁን የሚለውን ቢያነሡ ተገቢ ነው።

ለዛሬ፣ መንገዱ ሳይከፈትና ተቆጣጣሪ ሳይደርስ፣ በአንድ ባለሙያ እጅ ያለ ነገር ደግሞ አለ። በግቢውም ሆነ በአስፋልት ዳሩ ክሊኒክ ካርዱ ላይ «የሥራ ዓይነትና የሠራበት ቦታ» የምትል አንዲት መስመር ትጨመር። ሠራተኛዋ ስትታከም ከተጻፈላት ላይ በካርቦን የተገለበጠ አንድ ቅጂ እጇ ላይ ይሰጣት። ከዓመት በኋላ ሳሉ ባይተዋትና ፍርድ ቤት ፊት ብትቆም፣ ፋይሉ ድርጅቱ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ያለ አይሆንም።